የአየርላንድ ዳግም ውህደት፦ የግራ ዘመሞችና የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ሙግት

አየርላንድ በ1921 ስትከፈል (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን ያሉ ስድስት የአልስተር ካውንቲዎች (አውራጃዎች) ሰሜን አየርላንድ ተብለው በብሪታንያ ሥር ቀሩ፤ ሌሎቹ 26 የዛሬዋን ሪፐብሊክ መሠረቱ። ሁለቱን መልሶ የማዋሐድ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሃይማኖትና የብሔር ጉዳይ ተደርጎ ይቀርባል። ሆኖም ከወዛደሩ ትግልና ከተፈጥሮ ጥበቃ የሚነሣ፣ የቆየና ጥልቅ ሙግትም አለው።

የግራው ሙግት አባት በ1868 ኤደንብራ ውስጥ ከአየርላንዳውያን ስደተኞች የተወለደው የሠራተኛ ማኅበር መሪ ጄምስ ኮኖሊ ነው። ኮኖሊ በ1897 ባወጣው ጽሑፍ፣ የእንግሊዝ ጦር ወጥቶ የብሪታንያ አስተዳደር መቀመጫ በነበረው በደብሊን ግንብ ላይ አረንጓዴው ባንዲራ ቢሰቀል እንኳ ሶሻሊስታዊ ሥርዓት እስካልተገነባ ድረስ እንግሊዝ በባለርስቶቿ፣ በባለሀብቶቿና በነጋዴዎቿ አማካይነት መግዛቷን እንደምትቀጥል አስረዳ። በ1914 ደግሞ ክፍፍሉ የሠራተኛውን ንቅናቄ እንደሚሰነጥቅና በሰሜንም በደቡብም ለአድኃሪያን ፌሽታ እንደሚሆን አስጠነቀቀ። በብሪታንያ አገዛዝ ላይ ከተነሣው የ1916ቱ የትንሣኤ ዐመፅ በኋላ፣ ቁስሉ መቆም ስለከለከለው ወንበር ላይ ታስሮ ተረሸነ። በጥቅምት 1932 የቤልፋስት ካቶሊክና ፕሮቴስታንት ሥራ አጦች የድጎማውን ማነስ በመቃወም በአንድነት አደባባይ ወጡ፤ አንድነቱ ግን አልዘለቀም።

የአካባቢው ሙግት ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በሎክ ኔይ ሐይቅ ነው። 390 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋው ይህ ሐይቅ የሰሜን አየርላንድን የመጠጥ ውሃ 40 በመቶ ገደማ ያቀርባል። በ2023 በጋ ግን መርዛማ አልጌ ሸፍኖት ዳርቻው አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት መሰለ፤ ሽታውም ከሩቅ ይሰማ ነበር። ከእርሻ የሚታጠበው ፎስፈረስና በቅጡ ያልተጣራው የፍሳሽ ውሃ ከሙቀቱ ጋር ተዳምረው ያመጡት ጣጣ ነው። የሐይቁ ወለል የሻፍትስበሪ አርል ርስት ሲሆን፣ ወደ ሐይቁ ከሚፈሰው ውሃ ከፊሉ ድንበሩን ተሻግሮ ከሪፐብሊኳ ካውንቲ ከሞናሃን ይመጣል። ሪፐብሊኳ ከ1993 ጀምሮ ራሱን የቻለ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ሲኖራት ሰሜኑ እስከ ዛሬ የለውም። በሰሜኑና በሪፐብሊኳ መካከል ባለው የባሕር ወሽመጥ በሎክ ፎይል ደግሞ የድንበሩ መስመር ስምምነት ስላልተደረሰበት፣ ያለፈቃድ የተተከሉ የኦይስተር (የሚበላ የባሕር ዛጎል) ማርቢያ ጠረጴዛዎች ዳርቻውን ሞልተውታል። በአንጻሩ ደሴቲቱ ከ2007 ጀምሮ አንድ የኤሌክትሪክ ገበያ ያላት መሆኗ፣ ተፈጥሮንና ኃይልን በጋራ ማስተዳደር እንደሚቻል በተግባር ያሳያል።

ተቃዋሚዎች የሰሜኑ ነፃ የሕክምና አገልግሎት እንዳይጠፋ ይሰጋሉ፤ ከሪፐብሊኳ የበካይ ጋዝ ልቀት ከሲሶ በላዩ ከግብርና እንደሚመጣም ያነሣሉ። ሁለተኛው ነጥብ እውነት ነው። ለመጀመሪያው፣ በሁለቱም ወገን የሚወዳደረው ግራ ዘመሙ ፒፕል ቢፎር ፕሮፊት ፓርቲ መልስ አለው፦ ውህደት ስድስቱን ካውንቲዎች በነበረው መንግሥት ላይ መቀጠል ሳይሆን፣ ለመላው ደሴት ነፃ ሕክምና የሚሰጥ አዲስ ሥርዓት መመሥረት ነው ይላል።

በ1998ቱ የሰሜን አየርላንድ የሰላም ውል፣ በስቅለት ዓርብ ስምምነት መሠረት፣ የብሪታንያው የሰሜን አየርላንድ ጉዳይ ሚኒስትር አብዛኛው መራጭ ውህደትን ሳይደግፍ እንደማይቀር ካመኑ ሕዝበ ውሳኔ የመጥራት ግዴታ አለባቸው።