«ከብት ይሞታል፣ ዘመድ ይሞታል»፦ የአንድ ጥንታዊ የኖርስ አባባል ትርጉምና መነሻ

በአይስላንድ፣ በኖርዌይና በስዊድን በመቃብር ድንጋይ ላይ ተቀርጾ የሚነበብ፣ በቀብር ንግግርም የሚጠቀስ አንድ ጥንታዊ የኖርስ (የጥንት ስካንዲኔቪያውያን) አባባል አለ። ወደ አማርኛ ሲመለስ «ከብት ይሞታል፣ ዘመድ ይሞታል፣ ራስህም እንዲሁ ትሞታለህ፤ መልካም ስም ላተረፈ ሰው ግን ዝናው ከቶ አይሞትም» ይላል። አይስላንዳዊው «ዴይር ፍየ፣ ዴይያ ፍራይንዱር» ብሎ ሲጀምረው በዜማና በቃላት መነሻ ድምፅ መመሳሰል የተሳሰረ ግጥም ስለሆነ ከአንደበት አይጠፋም። የአማርኛ አንባቢ «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለውን የአገሩን ተረት ማስታወሱ አይቀርም። ዝምድናው እውነት ቢሆንም ግማሽ መንገድ ብቻ የሚወስድ ነው፤ ምክንያቱም ይህ አባባል በምንጩ ላይ የሚገኘው ሁለት ጊዜ፣ በሁለት የተለያዩ መደምደሚያዎች ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ እንደ መጀመሪያው አያጽናናም።

ምንጩ «ሃውቫማውል» የተባለ ጥንታዊ ግጥም ሲሆን የስሙ ትርጉም «የልዑሉ ቃል» ማለት ነው። ልዑሉ የኖርስ አማልክት አለቃ ኦዲን ነው። ይሁን እንጂ ከ160 በላይ አንጓዎች ካሉት ከዚህ ግጥም ሰማያዊ ምሥጢር ብቻ የሚጠብቅ አንባቢ ይገረማል፤ ትልቁ ክፍሉ እንግዳ ሰው ቤት ሲገባ ዙሪያውን አይቶ እንዲቀመጥ፣ መጠጥ የበዛበት ሰው አእምሮው እንደሚያንስ፣ ወዳጅ ወዳጁን ቶሎ ቶሎ እንዲጠይቅ የሚመክር የሽማግሌ ምክር ነው። የያዝነው አባባል በ76ኛውና በ77ኛው አንጓ ላይ ይገኛል።

የመጀመሪያው ቃል «ፍየ» ከብትም ነው፣ ሀብትም ነው። ዛሬም በአይስላንድኛ በግንና ገንዘብን በአንድነት የሚጠራ ቃል ሲሆን የአገሪቱ የገንዘብ ሚኒስትር የሹመት ስም እንኳ የሚጀምረው በዚሁ ቃል ነው። የጥንት ሰሜን አውሮፓውያን ይጽፉበት የነበረው የሩን ፊደል የመጀመሪያዋ ሆሄም ስሟ ከዚሁ ነው የመጣው። በአማርኛም «ከብት» የሚለው ቃል በቀድሞ አጠቃቀሙ ንብረትንና ጥሪትን ጭምር ይመለከት ስለነበር ትርጉሙን ስንመልስ ዕድለኞች ነን፤ ሌሎች ቋንቋዎች «ሀብት» ካሉ በሬው ይጠፋባቸዋል፣ «ላም» ካሉ ደግሞ ገንዘቡ ይጠፋባቸዋል። ሁለተኛው ቃል «ፍራይንዱር» የእንግሊዝኛው «ፍሬንድ» (ወዳጅ) ዘመድ ቢሆንም በዚህ ግጥም የሚያመለክተው የሥጋ ዘመድን ነው። ቅደም ተከተሉ በዘፈቀደ አልተደረደረም፤ በዚያ ማኅበረሰብ ሰውን ሰው የሚያሰኙት ሀብቱና ወገኑ ነበሩና ግጥሙ ሁለቱን ከነጠቀ በኋላ ወደ ራሱ ወደ ሰሚው ይመጣል።

ከዚያ የሚቀረው «ኦርድስቲር» ነው፤ «ቃል» እና «ክብር» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተጋጠመ ሲሆን ስለ አንድ ሰው በሰው አንደበት የሚነገር የክብር ቃል ማለት ነው። ይህ ቃል ያን ያህል የከበደው ለምን እንደሆነ የሚገባን የኖርስ ተረት ስለ ዓለም ፍጻሜ የሚለውን ስንሰማ ነው። ራግናሮክ በተባለው የመጨረሻ ጦርነት አማልክቱ ራሳቸው ይሞታሉ። ኦዲንን ፌንሪር የተባለው ተኩላ ይውጠዋል፤ መብረቅ ጣዩ ቶር ምድርን የከበበውን እባብ ከገደለ በኋላ በመርዙ ተመትቶ ዘጠኝ እርምጃ ብቻ ሄዶ ይወድቃል። ስለዚህ «ራስህም ትሞታለህ» ብሎ የሚናገረው አምላክ የራሱንም ሞት ያውቃል። ታላላቆቹ አማልክት እንኳ በማይተርፉበት ዓለም የሚተርፈው በሰው አፍ ያለ ስም ብቻ ነው ማለት ይህን ያህል ጨካኝ ሐሳብ ነው።

77ኛው አንጓ ያንኑ ሦስት ስንኝ ቃል በቃል ይደግምና መጨረሻው ላይ ይለወጣል፦ «ከቶ የማይሞት አንድ ነገር አውቃለሁ፤ በሞተ ሰው ሁሉ ላይ የሚሰጥ ፍርድ።» እዚህ ላይ «መልካም ስም ላተረፈ» የሚል ቅድመ ሁኔታ የለም። ንፉጉም፣ ከሃዲውም፣ ፈሪውም አይረሳም፤ ስሙ ሳይሆን ፍርዱ ይኖራል። ስዊድናውያን አባባሉን ሲጠቅሱ በብዛት የሚያነሱት ይህንኑ የፍርዱን መደምደሚያ ሲሆን በኖርዌይ የመታሰቢያ ድንጋዮች ላይ የሚበዛው ደግሞ የመልካም ስሙ ነው። በእኔ አስተያየት ሁለቱ አንጓዎች ተያይዘው ካልተነበቡ አባባሉ ግማሽ ነው፤ የመጀመሪያው ብቻውን ሲጠቀስ ግብዣ ይመስላል፣ ሁለተኛው ሲከተለው ግን ሰው በራሱ ስም ላይ የመጨረሻው ዳኛ እንዳልሆነ ይነግረዋል።

ዕድሜውን በሚመለከት አባባሉ ከግጥሙ ጽሑፍ እንደሚቀድም የሚያሳይ ማስረጃ አለ። በእንግሊዙ ንጉሥ በአትልስታን ቤት ያደገው የኖርዌይ ንጉሥ ሆኮን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ961 ገደማ በጦርነት ቆስሎ ሲሞት፣ ገጣሚው ኤይቪንድ ሙሾውን የዘጋው «ከብት ይሞታል፣ ዘመድ ይሞታል፣ ምድርና አገር ይጠፋል» በሚል ስንኝ ነበር። አንዱ ከሌላው ወሰደ ወይስ ሁለቱም ከሕዝብ አፍ ተቀበሉ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። በጥንታዊ እንግሊዝኛ በተጻፈ የስደተኛ እንጉርጉሮም ላይ ሀብት አላፊ ነው፣ ወዳጅ አላፊ ነው፣ ዘመድ አላፊ ነው የሚል የቅርብ ዘመዱ ይገኛል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ደግሞ ለሰውና ለእንስሳ አንድ ሞት እንዳላቸው የሚናገረውን መጽሐፈ መክብብ 3፥19ን ጠቅሰው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አሻራ አለበት ይላሉ። ሐሳቡ ይቀራረባል፤ ነገር ግን መክብብ ሁሉን ከንቱ ብሎ ሲዘጋ ግጥሙ አንድ ነገር ከከንቱነት ያወጣል።

ሃውቫማውልን ያተረፈልን አንድ ትንሽ የብራና መጽሐፍ ነው። ኮዴክስ ሬጊዩስ የተባለው ይህ ጽሑፍ በአይስላንድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1270ዎቹ ገደማ፣ አገሩ ክርስትናን ከተቀበለ ከ250 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በላቲን ፊደል ተጻፈ። (ስለዚህ አባባሉን በሩን ፊደል ክንዱ ላይ የሚነቀስ የዘመናችን ወጣት ከብራናው የበለጠ ጥንታዊ ለመምሰል እየጣረ ነው።) በ1643 የስካውልሆልት ጳጳስ ብሪንዮልቩር ስቬንሶን እጅ ገባ፤ በ1662 ለዴንማርክ ንጉሥ ተላከ። በመርከብ ተጭኖ ወደ ሬይክያቪክ የተመለሰው ሚያዝያ 21 ቀን 1971 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን ወደቡ በሕዝብ ተሞልቶ ነበር።

የኖርስ አማልክት በዕለት ተዕለት ኑሮ የቀሩት በአባባል ብቻ አይደለም። በእንግሊዝኛና በስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች ማክሰኞ የቲር፣ ረቡዕ የኦዲን፣ ሐሙስ የቶር፣ ዓርብ የፍሪግ ቀን ነው። የሚያስገርመው ተረቱን በብራና ያቆየችው አይስላንድ እነዚህን ስሞች መተዋ ነው፤ በዚያ ሐሙስ እንደ እኛው «አምስተኛው ቀን» ሲሆን ዓርብ «የጾም ቀን» ይባላል። ለውጡን ያደረገው በ12ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነበረ የሆላር ጳጳስ እንደሆነ ይነገራል። የአማልክቱ ስም ከቀኑ ሲፋቅ የኦዲን ቃል ግን በክርስቲያን መቃብር ላይ ቦታ አገኘ።

አባባሉ ንጹሕ ታሪክ ብቻ የለውም። በናዚ ዘመን ጀርመን ውስጥ የተወደደው ትርጉም በሁለተኛው አንጓ መጨረሻ ላይ «ፍርድ» የሚለውን ቃል አንሥቶ «የሙታን የጀብዱ ዝና» በሚል ተክቶት ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላም በጀርመን አንዳንድ የወታደር መታሰቢያዎች ላይ ይኸው ትርጉም ተቀርጾ ይታያል። ከዚህ የከፋ ማጣመም ለማሰብ ይከብዳል። የሞተ ሰው እንዲዳኝ የሚለው ስንኝ የሞተ ሰው ሁሉ እንዲወደስ ተደርጎ ተገለበጠ፤ ፍርዱ ራሱ በጣም ይፈለግ በነበረበት ዘመን።

ወደ አማርኛ ስንመልሰውም ይህ ቃል ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ፍርድ» ሲባል የእኛ አንባቢ ምጽአትን ወይም የእግዚአብሔርን ዙፋን ያስባል፤ በግጥሙ ውስጥ ግን ፈራጆቹ ከሟቹ በኋላ በእሳት ዙሪያ ተቀምጠው ስለ እሱ የሚያወሩ ሰዎች እንደሆኑ ነው አብዛኞቹ ተርጓሚዎች የሚረዱት። ስለዚህ «ሰው በሞተ ሰው ላይ የሚፈርደው ፍርድ» ብንለው ቃሉ ይረዝማል፣ ስንኙም ይላላል፤ የግጥሙ ሐሳብ ግን በቦታው ይቆያል።