ሥጋ አለመብላትን የሰበኩ ጽሑፎች

ሥጋ ሳይበሉ የኖሩ ሰዎች በሕንድም በግሪክም ከጥንት ጀምሮ ነበሩ። በእንግሊዝና በአሜሪካ ግን ይህ ኑሮ ከሰው ወደ ሰው የተላለፈው በአብዛኛው በመጽሐፍ ነው። የታወቁት ተከታዮቹ እነማንን አንብበው ሥጋ እንደተዉ ራሳቸው ጽፈዋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቀደምቶቹ ጽሑፎች አንዱ በብራና ላይ ሳይሆን በዐለት ላይ የተቀረጸ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የነገሠው የሕንዱ አሾካ፣ ቀድሞ ለማድ ቤቱ ወጥ በየቀኑ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ እንስሳት ይታረዱ እንደነበር በአዋጁ ይናገራል። አሁን የቀሩት ሁለት ጣዎሶችና አንድ አጋዘን ብቻ ናቸው፤ አጋዘኑም ሁልጊዜ አይታረድም፤ ወደፊት ሦስቱም ይቀራሉ ይላል። የገዛ ማድ ቤቱን ጉድ በዐለት አስቀርጾ ለሕዝብ ያሳየ ንጉሥ ብዙ አይገኝም።

በግሪክ በኩል ስሙ የገነነው ፓይታጎረስ ነው፤ ከእርሱ እጅ የተረፈ ጽሑፍ ግን የለም። ክርክሩን ለትውልድ ያቆዩት ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ፣ ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክና ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ3ኛው መቶ ዓመት የኖረው ፈላስፋ ፖርፊሪ ናቸው። ፖርፊሪ ሥራውን የጻፈው ሥጋ ትቶ ሳለ እንደገና መብላት ለጀመረ ወዳጁ ነው። በአራት ክፍል መሥዋዕቱን፣ ጤናውን፣ የእንስሳትን አእምሮ እያነሣ ይሟገተዋል። የተቆጣ፣ ግን ወዳጁን ያልጠላ ሰው ድምፅ ነው።

በእንግሊዝ መንገዱን የጠረገው ባርኔጣ ሠሪው ቶማስ ትራየን ሲሆን ስለ ጤና የጻፈው መጽሐፍ በ1683 ታተመ። ይህ ሥራ ቦስተን ውስጥ በወንድሙ ማተሚያ ቤት ይሠራ በነበረው የ16 ዓመቱ ቤንጃሚን ፍራንክሊን እጅ ገባ። ወጣቱ ለቀለቡ ከሚወጣው ገንዘብ ግማሹን ብቻ እንዲሰጠው ወንድሙን ጠየቀ። ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ ቁራሽ ዳቦውን በዘቢብና በውኃ እየበላ ያነብ ነበር፤ ከተሰጠው ግማሽ የተረፈውንም መጽሐፍ ገዛበት።

እንቅስቃሴው ማኅበር የሆነው በማንችስተር አጠገብ በሳልፎርድ ከተነሣች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቄስ ዊልያም ካውኸርድ በ1809 ምእመናኑ ሥጋ እንዲተዉ አስተማረ። የምእመኗ የማርታ ብራዘርተን የአትክልት ምግብ አሠራር መጽሐፍ በ1812 ወጣ። በእንግሊዝኛ በዘርፉ የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገራል፤ በእኔ አመለካከት ከብዙ ድርሳናት ይልቅ ሰው የለወጠ ሥራ ነው፤ ሥጋ የተወ ሰው በማግሥቱ የሚጠይቀው ምን እንደሚበላ ነውና። ባሏ ጆሴፍ፣ የፓርላማ አባል ሆኖ፣ በመስከረም 30 ቀን 1847 በራምስጌት የቬጀቴሪያን (ሥጋ የማይበሉ ሰዎች) ማኅበር የተመሠረተበትን ስብሰባ መራ።

ከዚያ በኋላ ጽሑፉ ድንበር ተሻገረ። ሥጋ አለመብላትን የደገፉ የቀደሙ ጸሐፊዎችን ሐሳብ የያዘው የሃዋርድ ዊልያምስ ስብስብ በ1883 ታተመ፤ ሩሲያዊው ደራሲ ቶልስቶይ ለሩሲያኛው ትርጉም መግቢያ ሲጽፍ በቱላ ከተማ ቄራ በዓይኑ ያየውን እርድ አንድም ሳይሸሽግ ዘረዘረ። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ሄንሪ ሶልት በበኩሉ በ1886 ለአትክልት ምግብ የሚሟገት መጽሐፍ አወጣ።

ይህ የሶልት መጽሐፍ ያገኘው አንባቢ ማህተማ ጋንዲ ነው። በ1888 ሕግ ሊማር ለንደን የገባው ወጣት፣ ሥጋ እንዳይቀምስ ለእናቱ ቃል ገብቶ ነበር፤ ጨው አልባ ቅቅል እየበላም ይራብ ነበር። ሆዱን የሚሞላበት ቤት ሲፈልግ በፋሪንግደን ጎዳና አንድ የአትክልት ምግብ ቤት አገኘ፤ በበሩ አጠገብ ባለው መስኮት ለሽያጭ ከተደረደሩት መካከል የሶልትን መጽሐፍ በአንድ ሽልንግ ገዝቶ ገባ። እንግሊዝ ከደረሰ ወዲህ ጠግቦ የበላው ያን ቀን ነው። እስከዚያ ሥጋ ያልበላው ስለ ቃሉ ነበር፤ መጽሐፉን ካነበበ በኋላ ግን በራሱ ምርጫ ሆነ። ቀጥሎ በለንደን የቬጀቴሪያን ማኅበር ሥራ አመራር ውስጥ ገባ፤ በመጽሔቱም ስለ ሕንድ ምግብ ጻፈ። በ1931 በለንደን ለማኅበሩ ሲናገር አረጋዊው ሶልት አጠገቡ ተቀምጦ ነበር።

በኅዳር 1944 ዶናልድ ዋትሰንና ጥቂት ጓደኞቹ ወተትና እንቁላልንም የሚተው የቪጋን ማኅበር መሠረቱ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ማዕድ እንግዳ አይደለም፤ የጾም ምግባችን ወተትም ቅቤም እንቁላልም የለበትም። ምንጩ ግን ሌላ ነው፤ ጾም ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ በፋሲካ ይፈታል፣ የዋትሰን ሐሳብ ግን ስለ እንስሳት ሲባል ዕድሜ ልክ የሚጠበቅ ነው።

በ1970ዎቹ ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘ። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ፍራንሲስ ሙር ላፔ በ1971 ለከብት የሚቀለበው እህል ሰው ሊመግብ ይችል እንደነበር አስረዳች፤ በመጽሐፏም ውስጥ የምግብ አሠራር ጨመረች። በ1975 ደግሞ ፈላስፋው ፒተር ሲንገር የእንስሳት ሥቃይ ከሰው ሥቃይ ጋር እኩል እንዲመዘን የሚጠይቅ መጽሐፍ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ በዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና ትምህርት ክፍሎች ውስጥ መደበኛ የክርክር ርዕስ ሆኗል።