ቦሎቄ፣ ሩዝና የድሬ ሙቀት፦ ራሱን ለሚቀልብ ተማሪ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን፣ ለሦስት አንድ የከሰል ምድጃ ይዘን ስንማር ከዚህ በታች ያሉትን አብዛኞቹን አምኜባቸው ኖሬያለሁ። ዛሬም ነን ካፌ ከሆኑ፣ ማለትም የግቢውን ካፌ ትተው ራሳቸውን ከሚቀልቡ የድሬዳዋ ተማሪዎች አፍ እሰማቸዋለሁ። ኪስንም ሆድንም ስለሚጎዱ ልናገር።

«ቦሎቄ ርካሽ ነው፣ ግን ከሰል ይጨርሳል»

ሳይዘፈዘፍ ከተጣደ እውነት ነው። ማታ ተዘፍዝፎ ካደረ ግን ቶሎ ይበስላል። ጠዋት ውሃውን ደፍታችሁ በአዲስ ውሃ ጣዱት፣ ድስቱንም ክደኑት። ቀዩ ቦሎቄ በደንብ እየተንተከተከ ቢያንስ 10 ደቂቃ መፍላት አለበት፤ ጥሬነቱ ካልለቀቀ ያስመልሳል።

«ጨው ቀድሞ ከገባ አይበስልም»

ይህን እናቴም ትለዋለች። መዘፍዘፊያው ውሃ ላይ ጨው ጣል ማድረግ ግን እንዲያውም ልጣጩን ያለሰልሰዋል። ቦሎቄን እንዳይበስል የሚይዘው ቲማቲምና ሎሚ ነው፤ ኮምጣጣ ነገር ልጣጩን ያጠነክረዋል። ስለዚህ ቲማቲሙ መጨረሻ ላይ፣ ቦሎቄው ከለሰለሰ በኋላ ይግባ።

«ሥጋ ካልበላህ አትጠነክርም»

100 ግራም ደረቅ ምስር ወደ 25 ግራም ፕሮቲን አለው። የባቢሌ ለውዝም እንደዚያው ነው፤ አንድ እፍኝ ይዞ ቤተ መጻሕፍት መግባት ይቻላል።

«የማሽላ እንጀራ ጤፍ ያጣ ሰው የሚበላው ነው»

ይህ አባባል ያሳዝነኛል። ማሽላ የሐረርጌ ገበሬ ዋና እህል ነው። እውነት ነው፣ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ ሽሮ፣ ምስርና ቦሎቄ ደግሞ በላይሲን የበለጸጉ ናቸው። የማሽላ እንጀራ በሽሮ ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

«ያደረ ሩዝ ሞቅ ካደረጉት ምንም አይልም»

ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው። አንድ ማታ ድስት ሙሉ ሩዝ ቀቅለን፣ ክፍሉ ውስጥ ከድነን አሳደርነው። ጠዋት በደንብ አሙቀን በላን። ከቀትር በፊት ሦስታችንም ስናስመልስ ነበር፤ አንዳችን ፈተና አመለጠው።

ሩዝ ላይ ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ ይገኛል። ዘሩ በመቀቀል አይሞትም። የበሰለው ሩዝ ሞቃት ቦታ ሲቆይ ይነሳና መርዝ ያመርታል፤ መርዙን ደግሞ እንደገና ማሞቅ አያጠፋውም። ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ስለሚችል አሽትቶ መለየት አይቻልም። ፓስታም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም።

ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ የበሰለ ምግብ ውጭ ከ1 ሰዓት በላይ ባይቆይ ይመረጣል፤ ድሬ ላይ ይህ ሙቀት የአዘቦት ቀን ነው። የምትበሉትን ያህል ብቻ ቀቅሉ። ከተረፈና አከራያችሁ ፍሪጅ ካላቸው፣ ትሪ ላይ ሳሳ አድርጋችሁ ዘርጉትና ቶሎ እንዲበርድ አድርጋችሁ አስገቡት። በድስት እንደተቆለለ መሐሉ ለሰዓታት አይበርድም።

«የሻገተ እንጀራ ፀሐይ ላይ ከደረቀ ይበላል»

አይበላም። ሻጋታው ቢረግፍም የተወው መርዝ እንጀራው ውስጥ ይቀራል። እንጀራው የሚደርቀው ሳይሻግት በፊት ነው፤ እዚህ ላይ የድሬ ፀሐይ ባለውለታችን ናት። ትርፉን በዚያው ቀን ቆራርሳችሁ ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስጡት፣ ነፋስ እንዲያገኘው አታደራርቡት። ሲሰበር ቀጭ የሚል ድርቆሽ ከሆነላችሁ በደረቅ ዕቃ ክደኑት። ወር መጨረሻ ላይ ሽንኩርት፣ በርበሬና ትንሽ ዘይት አቁላልታችሁ፣ ውሃ ጨምራችሁ ሲፈላ ድርቆሹን ጣል ማድረግ ነው። ለሦስት ሰው ይበቃል።