ሩም ቻርጅ ምንድን ነው? ክፍያ እንዳልሆነ ግን አስቀድሞ ይታወቅ

‹‹ሩም ቻርጅ አድርጌ ከፈልኩ።›› ይህን አባባል በሎቢም፣ በሰርግም፣ በወርክሾፕ መዝጊያም ላይ ስሰማው ኖሬያለሁ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ሰው ከዚህ አልፎ ሄደና ‹‹ሪዞርቶች በሩም ቻርጅ ሁለቴ ነው የሚያስከፍሉት፤ አንዴ ስትገባ በካርድ፣ አንዴ ስትወጣ በፊርማ›› እያለ በልበ ሙሉነት ሲያስረዳ አገኘሁት። የሚያዳምጡትም ‹‹እኔንም እንዲሁ አድርገውኛል›› ይሉ ነበር። ዕድሜውን በሆቴል እንግዳ መቀበያና በናይት ኦዲት (የሆቴሉን የቀን ሂሳብ ሌሊት በመዝጋት ሥራ) ያሳለፈ እንደ እኔ ያለ ሰው ይህን ሰምቶ ማለፍ አይሆንለትም።

በሩም ቻርጅ የከፈለ ሰው የለም። ወደፊትም አይኖርም። ሩም ቻርጅ በክፍልዎ ቁጥር ዕዳ ማስመዝገቢያ ነው፤ ክፍያው የሚመጣው በኋላ ነው፣ በጥሬ ገንዘብ ወይም በካርድ ወይም በባንክ ዝውውር። ሆቴሉ ራሱ በመዝገቡ ላይ የእርስዎን ፊርማ ‹‹ተከፍሏል›› ብሎ አይጽፈውም። ተሰብሳቢ ሂሳብ ብሎ ነው የሚይዘው።

የሰፈር ሱቅ የዱቤ ደብተር የሚያውቅ ሰው ነገሩን ቶሎ ይይዘዋል። ልጅ ይላካል፣ ስኳርና ዘይት ይወስዳል፣ ባለሱቁ በእናትየው ስም ይጽፋል፣ ደሞዝ ሲወጣ ተደምሮ ይከፈላል። ልጁ ስኳሩን ይዞ ሲመለስ ‹‹ከፈልኩ›› አይልም፤ ‹‹አስጻፍኩ›› ነው የሚለው። በሪዞርት ደብተሩ ፎሊዮ ይባላል። እንግዳ ሲመዘገብ በስሙ ይከፈታል፣ ሲወጣ ይዘጋል። በመሃል የምግብ ቤቱ፣ የባሩ፣ የስፓው፣ የላውንድሪው፣ የጀልባው ሂሳብ ሁሉ እየመጣ እዚያው ላይ ያርፋል። አስተናጋጁ የክፍል ቁጥር ይጠይቃል፣ ማሽኑ ላይ ስም ይወጣለታል፣ ቢል ያትማል፣ እንግዳው ይፈርማል፣ ሂሳቡ ‹‹ፖስት›› ይደረጋል፣ ማለትም ፎሊዮው ላይ ይጻፋል። ፊርማው ‹‹ይህን ተጠቅሜያለሁ፣ በስሜ ጻፉት›› ከማለት ሌላ ትርጉም የለውም።

ታዲያ ሲገባ የተያዘው የካርድ ገንዘብ ምንድን ነው? ሁለቴ ተከፈለ የሚለው ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። የሰፈሩ ባለሱቅ ቤትዎን ያውቃል። ለሦስት ቀን ሐይቅ ዳር አርፈው የሚሄዱበት ሪዞርት ግን አያውቅም። ስለዚህ ባንክዎን ‹‹ይህን ያህል ገንዘብ ለይተህ አቆይልኝ›› ብሎ ይጠይቃል። ገንዘቡ ከሂሳብዎ አልወጣም፣ ሆቴሉ ኪስም አልገባም። ታግዷል ብቻ። ሲወጡ ትክክለኛው ድምር ይወሰዳል፣ የቀረው እገዳ ይነሳል። የሚነሳው ግን ወዲያው አይደለም። ሆቴሉ መልቀቂያውን ከላከ በኋላ ፍጥነቱ በባንኩ እጅ ነው፤ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። በእነዚያ ቀናት እገዳውና እውነተኛው ክፍያ ጎን ለጎን ስልክዎ ላይ ይታያሉ። ‹‹ሁለቴ ተቆረጠ›› የተባለው ይኼ ነው።

ካልጠየቃችሁኝ ነገር አንድ ልጨምር። በውጭ አገር ሪዞርት ሲመዘገቡ ዴቢት ካርድ ከመስጠት ክሬዲት ካርድ መስጠት ይሻላል። ክሬዲት ካርድ ላይ የሚታገደው የመበደሪያ ጣሪያዎ ነው፤ ዴቢት ላይ ግን የገዛ ገንዘብዎ ነው፣ ለታክሲ ያሰቡት ጭምር።

የመያዣው ነገር አዲስ አይደለም። ካርድ ከመምጣቱ በፊት መያዣው የእንግዳው ሻንጣ ነበር። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1878 የወጣው የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶች ሕግ፣ እንግዳ ዕዳውን ሳይከፍል ዕቃውን ጥሎ ከሄደ፣ ባለ ማረፊያው ስድስት ሳምንት ጠብቆና በጋዜጣ አስነግሮ ዕቃውን በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅድለት ነበር። የዛሬው ካርድ የዚያን ሻንጣ ቦታ ነው የያዘው። ካርድም ዲፖዚትም ያላስያዘ እንግዳ በእኛ ቋንቋ ‹‹ኖ ፖስት›› ይደረጋል፤ አስተናጋጁ የክፍል ቁጥሩን ሲያስገባ ማሽኑ አይቀበለውም። አስተናጋጁ እንግዳውን ንቆ አይደለም። ደብተሩ ተቆልፎበት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሕመሜ ልምጣ፤ ወደ ወርክሾፑ።

ቢሾፍቱም ይሁን ሐዋሳ፣ አዳማም ይሁን አርባ ምንጭ፣ ታሪኩ አንድ ነው። ጋባዡ መሥሪያ ቤት ለሆቴሉ ደብዳቤ ይጽፋል፤ መኝታ፣ ቁርስ፣ ምሳ፣ ሁለት የሻይ ዕረፍት እንሸፍናለን፣ ከዚህ ውጭ ያለው በተሳታፊው ይከፈላል ይላል። ሆቴሉ በዚህ መሠረት ሁለት ዓይነት ፎሊዮ ይከፍታል። አንደኛው ማስተር ቢል ነው፤ የጋባዡ ነው። ሁለተኛው የእያንዳንዱ ተሳታፊ ‹‹ኤክስትራ›› ነው። ተሳታፊው ማታ ጓደኞቹን ይጋብዛል፣ ክትፎ ይታዘዛል፣ ቢራው ይደጋገማል፣ ቢሉ ሲመጣ ‹‹ሩም ቻርጅ›› ይልና ይፈርማል። በነጋታውም እንደዚያው። ልብስም ይታጠባል። በሦስተኛው ቀን አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ጡሩምባውን እየነፋ ሳለ ካሸሩ የኤክስትራ ቢል ሲዘረጋለት ‹‹እንዴ! ወርክሾፑ ይከፍል የለም እንዴ?››

አይከፍልም። ወደ ሱቁ ደብተር እንመለስ። እኔ ‹‹በእትዬ አልማዝ ስም ጻፈው›› ስላልኩ እትዬ አልማዝ ባለዕዳ አይሆኑም። እሳቸው ራሳቸው ለባለሱቁ ‹‹ለዚህ ልጅ ዳቦና ወተት በስሜ ስጠው›› ካሉ፣ ዳቦና ወተቱ የእሳቸው ነው፣ ከረሜላው ግን የእኔው ነው። ማስተር ቢል ላይ የሚጻፈው በደብዳቤው የተዘረዘረው ብቻ ነው፣ ከዚያ ውጭ ቢጨመር እንኳ ጋባዡ በስም የወከለው ሰው መፈረም አለበት። የክፍሉን ኪራይ ሌላ ሰው መክፈሉ በክፍሉ ቁጥር የሚጻፈውን ሁሉ ይከፍላል ማለት አይደለም። ይህች አንዲት ነገር ብትታወቅ በየመዝጊያው ቀን የምናየው ግርግር ግማሹ ይቀር ነበር።

‹‹ታዲያ ማን እንደሚከፍል ለምን አስቀድመው አይነግሩንም?›› ይላል ያ ተሳታፊ። ነግረውዎታል፤ እርስዎም ፈርመዋል። ሲመዘገቡ የሚሞሉት ቅጽ ከታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነገር አለበት። በብዙ ሆቴል ይዘቱ ተመሳሳይ ነው፤ ይከፍላል የተባለው ሰው ወይም ድርጅት ሳይከፍል ቢቀር እኔ በግሌ ተጠያቂ ነኝ ይላል። ይህ ማለት ጋባዡ በደብዳቤ ያመነውን እንኳ ሳይከፍል ከቀረ፣ ሆቴሉ ወደ እንግዳው የሚዞርበት መንገድ አለው ማለት ነው። በተግባር ሆቴሎች ለመሥሪያ ቤት እንግዳ ይህን እምብዛም አያደርጉም፣ ደንበኛ እንዳይሸሽ። ወረቀቱ ግን አለ። በሌላ በኩል ፍትሐዊ ለመሆን፣ ሁሉም ጥፋት የእንግዳው አይደለም። እንግዳ ሲመዘገብ ‹‹ኤክስትራ በራስዎ ነው›› የምትል አንዲት ቃል ማውጣት ለሪሴፕሽኑ ከባድ አልነበረም። ስልሳ ሰው በአንድ አውቶቡስ ሲራገፍ የምትቀረው ግን ያቺው ቃል ናት።

ስለ ስም ደግሞ፣ ይህ የእኛ አገር ጣጣ ነው። የሆቴል ሶፍትዌሮች የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላላቸው ሰዎች ነው። ስለዚህ አስተናጋጁ ማሽን ላይ መጀመሪያ የሚወጣው የአባት ወይም የአያት ስም ነው። እንግዳው ‹‹ሰለሞን እባላለሁ፣ ክፍል 214›› ይላል፤ ማሽኑ ‹‹ወልደማርያም›› ይላል። አስተናጋጁ ቢያመነታ እንግዳው ይቆጣል። ግን ያ ማመንታት ለእንግዳው ጥበቃ ነው። የክፍል ቁጥር ብቻ በቂ ቢሆን ኖሮ፣ ቁልፍዎ ላይ ቁጥሩን አይቶ በእርስዎ ስም ሙሉ ጠርሙስ ውስኪ የሚያስጽፍ ሰው አይጠፋም። ሲጠየቁ ስምዎን እስከ አያት ይንገሩ።

ሌላው መደባለቅ አንዳንድ ሪዞርት እንግዳው እጅ ላይ ከሚያስረው አምባር ይመጣል። ከአንታሊያ ወይም ከዛንዚባር ሁሉን ያካተተ ሪዞርት የተመለሰ ሰው ‹‹እዚያ አምባሩን ብቻ ነው የምታሳየው›› ይላል። እውነት ነው፣ ግን እዚያ ዕዳ አይጻፍም፤ ምግቡና መጠጡ አስቀድሞ በጥቅሉ ተከፍሏል፣ አምባሩ የሚለየው የከፈለውን ካልከፈለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 የተመሠረተው የፈረንሳዩ የመዝናኛ መንደሮች ድርጅት ክለብ ሜድ ደግሞ በመንደሮቹ እንግዶች በዋና ልብስ ኪስ ስለሌላቸው በአንገት የሚንጠለጠል ዶቃ ይሸጥላቸው ነበር፤ በባሩ የሚከፈለው በዶቃው ነበር። ያም ዱቤ አይደለም፣ አስቀድሞ የተገዛ ገንዘብ ነው። በፍሎሪዳው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ እ.ኤ.አ. በ2013 መታደል የጀመረው ማጂክ ባንድ ግን፣ መልኩ አምባር ቢሆንም፣ በዲዝኒ ሆቴል ላረፈ ሰው ሥራው እውነተኛ ሩም ቻርጅ ነው። አምባሩን ያስነካሉ፣ የምስጢር ቁጥር ያስገባሉ፣ ሂሳቡ ወደ ክፍልዎ ይሄዳል። ከዋሽንግተንም ከአትላንታም ልጆቻቸውን ይዘው ለሚሄዱ ወገኖች የምነግራቸው፣ የልጆቹ አምባር ለግዢ እንዳይሠራ ማዘጋት እንደሚቻል ነው። ለስኳር የተላከው ልጅ በእናቱ ስም ማስቲካም እንዲጽፍለት ባለሱቁን እንደሚለምን ማንም ወላጅ ያውቃል። ዲዝኒ ውስጥ ባለሱቁ ማሽን ነው፣ አይቆጣም፣ ‹‹እናትህ ታውቃለች?›› ብሎም አይጠይቅም።

ቢሉ ላይ የሚያጣሉ ጥቃቅን ነገሮችም አሉ። ሜኑው ላይ 800 ብር የተጻፈ ምግብ ፎሊዮ ላይ 1,012 ብር ሆኖ ሲገኝ ‹‹ክፍል ላይ ስላስጻፍኩት ጨመሩብኝ›› የሚል አለ። አልተጨመረም። ሜኑው ‹‹ፕላስ ፕላስ›› ከሆነ፣ ማለትም ዋጋው ሰርቪስ ቻርጅና ቫት ካላካተተ፣ በ800 ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ተደምሮ 880 ይሆናል፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲመጣ 1,012 ይሆናል። በጥሬ ገንዘብ ቢከፍሉም ያው ነው። ጉርሻ ግን ይለያል። ቢሉ ላይ በእጅዎ የጻፉትን ጉርሻ ብዙ ሆቴል ለአስተናጋጁ ከካዝና አውጥቶ ይሰጥና በእርስዎ ፎሊዮ ላይ ይመዘግባል። እዚህ ላይ ሆቴሉ ያበደርዎት ጥሬ ገንዘብ ነው። አንዳንድ ቤት ጉርሻን ሩም ቻርጅ ማድረግ የማይፈቅደውም ለዚህ ነው።

ስለ ቀኑም ልናገር፣ የሙያዬ ነገር ነውና። በፈረንጆቹ ቀን የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፣ በእኛ ሲነጋ። በሆቴል ግን ቀን የሚለወጠው ናይት ኦዲተሩ ሲዘጋው ነው፤ ይህም በአብዛኛው ከሌሊቱ ሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ወር በገባ በ12ኛው ቀን ማታ ጀምረው ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ያዘዙት መጠጥ በ12ኛው ቀን ሊጻፍ ይችላል፤ ኦዲቱ ካለቀ በኋላ ያዘዙት በ13ኛው። ከቀኑ ይልቅ የቢሉን ቁጥርና ፊርማውን ማየት ያዋጣል። ካሸሩ የፈረሙበትን ወረቀት አውጥቶ ማሳየት አለበት፣ ማሳየት ካልቻለ የመከራከር መብቱ የእርስዎ ነው።

ከመውጫዎ ዋዜማ ማታ ወደ ሪሴፕሽን ጎራ ብለው ‹‹ፎሊዮዬን አትሙልኝ›› ይበሉ። ጠዋት ሃያ ሰው ሻንጣ ይዞ ሲሰለፍ የሚደረግ ክርክር ለማንም አይበጅም። ዋዜማ ላይ የባሩ ካሸርም አስተናጋጁም እዚያው ናቸው፣ ስህተት ካለ ይስተካከላል። ከወጡ በኋላ ሚኒ ባር (ክፍል ውስጥ ያለው የመጠጥ ፍሪጅ) ሲታይ የጠፋ ነገር ቢገኝ ባስያዙት ካርድ ላይ ሊጻፍ እንደሚችልም ይወቁ።

ለመሥሪያ ቤት ሂሳብ የሚያወራርድ ሰው ደግሞ በየምግቡ የፈረመባቸውን ወረቀቶች ሰብስቦ ይዞ ሄዶ ፋይናንስ ሲመልስበት አይቻለሁ። ፋይናንሱ ትክክል ነው፤ እነዚያ የዕዳ ማስታወሻ እንጂ ደረሰኝ አይደሉም። ሲከፍሉ የሚሰጠውን ደረሰኝ ይጠይቁ፤ የድርጅቱን ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም ካሸሩ ከማተሙ በፊት ያስመዝግቡ። ማሽኑ አንዴ ካተመ በኋላ ካሸሩ ስም በእስክሪብቶ ሊጨምርልዎ አይችልም።