ካፕኬክ ለልደት ቀድሞ ሲጋገር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«እንዳይደርቅ ፍሪጅ ይግባ»

ካፕኬክን ከሚያበላሹ ምክሮች አንዱ ይህ ነው። ኬክ የሚጠጥረው ውሃው ተንኖ ስላለቀ ብቻ አይደለም። ሲጋገር ውሃ ጠጥቶ የለሰለሰው የዱቄቱ ስታርች ከቀዘቀዘ በኋላ ቀስ በቀስ መልሶ ይጠጥራል፤ ይህም ከሁሉ የሚፈጥነው ከ0 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ባለ ቅዝቃዜ፣ ማለትም በፍሪጅ ውስጥ ነው። ስለዚህ በደንብ የተከደነ ካፕኬክ እንኳ ፍሪጅ ካደረ ጠዋት ጠንክሮ ይገኛል። በገበታ ቅቤ የተሠራው ቅቤው ስለሚረጋ ይብስበታል፤ በዘይት የተሠራው የጾም ኬክ የተሻለ ይችላል። ሌላም ጣጣ አለ፦ ቅቤ ሽታ ይስባል። ከቁሌትና ከተከተፈ ሽንኩርት ጎን ያደረ የቫኒላ ኬክ ቫኒላ ቫኒላ አይልም።

ክሬም ያልተቀባ ካፕኬክ ቦታው ክዳኑ ግጥም በሚል ዕቃ ውስጥ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ጠረጴዛ ላይ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ቀዝቀዝ ያለ አየር እስከ 2 ቀን ይቆያል፤ ድሬዳዋን በመሰለ ሞቃት ከተማ ግን ከአንድ ቀን ባያልፍ ይመረጣል። ልደቱ ቅዳሜ ከሰዓት ከሆነ አርብ ተጋግሮ ቅዳሜ ጠዋት ክሬም ይቀባል።

«ፍሪዘር ከፍሪጅ ይብሳል»

እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ የስታርቹ ለውጥ ከሞላ ጎደል ይቆማል። ክሬም ያልተቀባውን አንድ በአንድ በፕላስቲክ ጠቅልሎ፣ አየሩ በተጨመቀ ፌስታል አሽጎ ማስገባት ነው፤ አንድ ወር በደህና ይቆያል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ሲያወጡት ነው። ወዲያው ከተገለጠ የክፍሉ እርጥበት ቀዝቃዛው ኬክ ላይ ውሃ ሆኖ ያርፍና ላዩ ይጣበቃል። እንደተጠቀለለ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይቀመጥ፤ ጠሉ ፕላስቲኩ ላይ ይቀራል። መብራት ጠፍቶ ከቀለጠ መልሶ ማቀዝቀዝ አይሠራም፣ ይበላ።

«ትኩሱን ከከደኑት እርጥበቱ አያመልጥም»

እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ውሃ ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠባል። ላዩ ይሟሟል፣ ወረቀቱም ከኬኩ ይላቀቃል። ከኦቨን ከወጣ በኋላ በመጋገሪያ ቆርቆሮው ውስጥ 5 ደቂቃ፣ ከዚያ በሽቦ ፍርግርግ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ይቀዝቅዝ፤ ሥሩ ሲዳሰስ ሙቀት ከሌለው ይከደናል። ሳይከደን ማደር ግን የለበትም።

«ክሬም ሁሉ አንድ ነው»

የገበታ ቅቤና አይሲንግ ሹገር ተመትቶ የተሠራ ክሬም ቀዝቀዝ ባለ ቤት ተከድኖ ቢያድር አይጎዳም፤ ስኳሩ ብዙ ነው። የተመታ የወተት ክሬም፣ ክሬም ቺዝና ኩስታርድ ግን ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለባቸውም፤ በብርቱ ሙቀት ከ1 ሰዓትም። እነዚህን በዕለቱ መቀባት ይሻላል።

«የደረቀውን ሽሮፕ ያድነዋል»

ትንሽ ይረዳዋል እንጂ አያድነውም። እኩል ውሃና ስኳር ፈልቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ለእያንዳንዱ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሥሩን ያላቁጠዋል። አብዛኛው የደረቀ ካፕኬክ የደረቀው ኦቨን ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከሊጡም ቶሎ ይተናል። የምግብ አሠራሩ 20 ደቂቃ ካለ ከ16ኛው ጀምሮ በስቴኪኒ ይፈተሽ። ጥቂት እርጥብ ፍርፋሪ ይዞ ከወጣ በስሏል፤ ፍጹም ንጹሕ እስኪሆን ከተጠበቀ አልፎበታል።