አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ

«አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» አሜሪካዊቷ ድምፃዊት ዊትኒ ሂውስተን በኖቬምበር 1992 ያወጣችው ነጠላ ዜማ ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ብዙ ሰው የዊትኒ አድርጎ ቢያውቀውም ግጥሙም ዜማውም የካንትሪ ሙዚቃ ንግሥት የምትባለው የዶሊ ፓርተን ነው። ዶሊ በ1973 የደረሰችው በቴሌቪዥን ትርኢቱ ላይ ለዓመታት አብራው ከሠራችው ከፖርተር ዋጎነር ለመለየት ስትቆርጥ ነው፤ በንግግር አልሰማ ቢላት በዘፈን ተሰናበተችው። በ1974 የካንትሪ ሰንጠረዥን መራ፤ በ1982 ለፊልም ዳግመኛ ስትቀዳውም እንዲሁ አንደኛ ወጣ። ኤልቪስ ፕሪስሊም ሊዘፍነው ፈልጎ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግን የመብቱን ግማሽ ካልሰጠሽን አለ፤ እሷም እምቢ ብላ ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች። ያች እምቢታ ምን ያህል እንደከፈለች የታየው ከዊትኒ በኋላ ነው፤ ዶሊ በዚያ ገንዘብ በናሽቪል ጥቁር አሜሪካውያን በሚኖሩበት ሰፈር የቢሮ ሕንፃ መግዛቷን በ2021 ተናግራለች።

«ዘ ቦዲጋርድ» ለተሰኘው ፊልም መጀመሪያ የታሰበው ሌላ ዘፈን ነበር። እሱ በሌላ ፊልም ላይ ሲውል፣ ከዊትኒ ጋር የተወነው ኬቨን ኮስትነር ይህን ጠቆመ። መግቢያውን ያለ መሣሪያ ትዝፈነው ያለውም እሱ ነው። ለሬዲዮ ጨርሶ የማይመች ሐሳብ ነበር፤ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ከበሮ የለ፣ ፒያኖ የለ፣ የአንዲት ሴት ድምፅ ብቻ። ፕሮዲውሰሩ ዴቪድ ፎስተር ቀሪውን በዝግታ ገነባው። የከርክ ዌለም ሳክስፎን ይገባል፤ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል፤ አንድ የከበሮ ምት ይወድቃል፤ ከዚያ ድምፁ አንድ ሙሉ ቶን ከፍ ብሎ ይለቀቃል። የቀረውን ዘፈን የማያስታውስ ሰው እንኳ ይህችን ቦታ አይስታትም። በየድምፅ ውድድሩ መድረክ ስንቱ ጀማሪ አቅሙን ሳይለካ ገብቶባት ቀርቷል።

ሕዝቡ እጁን ዘርግቶ ተቀበለው። በአሜሪካ የቢልቦርድ ሆት 100 ሰንጠረዥን 14 ሳምንት በመምራት የወቅቱን ክብረ ወሰን ያዘ፤ በብሪታንያ 10 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ፤ በ1994 የዓመቱ ምርጥ ቅጂ ተብሎ የግራሚ ሽልማት አገኘ። በየሰዓቱ መደጋገሙ ያንገሸገሸውም አልጠፋ። የዶሊን ለዘብ ያለ አዘፋፈን የሚመርጡ ዛሬም የዊትኒን ጩኸት ይሉታል፤ ፍርዱ ግን የተቸኮለ ነው፣ መግቢያውን የምትዘፍነው በሹክሹክታ መሰል ድምፅ ነውና። ከሁሉ የሚገርመው ዘፈኑ የሠርግ መሆኑ ነው፤ ሙሽሮች የሚደንሱበት ግጥም ትታው የምትሄድ ሴት የምትለው ነው።

ዊትኒ በፌብሩዋሪ 2012 ስታርፍ ዘፈኑ ወደ ሰንጠረዡ ተመልሶ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት በ2020 ለትውልድ ከሚጠበቁ የድምፅ ቅጂዎች መዝገብ አስገባው፤ በ2022 ደግሞ በሽያጭና በኢንተርኔት ማዳመጥ 10 ሚሊዮን ሞልቶ የአልማዝ ደረጃ ተሰጠው።