የውርስ ቋንቋ ምንድን ነው?

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዘመዶቼ ቤት ነው። የስድስት ዓመቱ ልጅ እናቱን ከጓዳ ሲጠራ «እማዬ፣ ቶሎ ና!» አለ። ለጥየቃ የመጡት አያቱ «ነይ በል እንጂ!» ብለው ሳቁበት። እኔ ግን ልጁ አማርኛ ያበላሸ አልመሰለኝም። አባትየው ማታ ማታ ነው የሚሠራው፣ እህት የለውም፤ ቀኑን ሙሉ ከእናቱ የሚሰማው «ና»፣ «ብላ»፣ «ተኛ» ነው። የሰማውን መለሰላት፣ በቃ።

የዚህ ልጅ አማርኛ የውርስ ቋንቋ ይባላል። ከሕፃንነቱ ቤት ውስጥ የሰማው፣ ትምህርት ቤት ሲገባ ግን እንግሊዝኛ የቀደመው ቋንቋ ማለት ነው። እንዳንተና እንደኔ አፉን የፈታበት ነው፣ ግን እንደኛ አልዘለቀበትም።

የቋንቋ ተመራማሪዎች እዚህ ጉዳይ ላይ የተረባረቡት ወደው አይደለም። የቋንቋ ሊቁ ቾምስኪ ሕፃን ሰዋስው የመገንባት ችሎታ ይዞ ይወለዳል፣ የሚሰማው ጥቂት ቢሆንም ይበቃዋል ይላል። እሺ፣ ጥቂት ማለት ስንት ነው? ሕፃን ልጅ ቋንቋ ነፍገህ አትሞክር ነገር! በስደተኛ ልጅ ላይ ግን ሙከራውን ኑሮ ራሱ ሠርቶታል።

ከተገኙት ነገሮች አንዱ ድምፅ ቶሎ እንደማይጠፋ ነው። በ2002 የወጣ የሎስ አንጀለስ ጥናት በልጅነታቸው ስፓኒሽ ሲወራ ብቻ የሰሙ ወጣቶችን፣ ቋንቋውን ካደጉ በኋላ ከጀመሩት ጋር አነጻጽሮ ነበር። በልጅነታቸው የሰሙት በአነጋገር ቅላፄ በለጧቸው፣ በሰዋስው ግን ያው ናቸው። የኛም ልጅ «ቀ»ን እና «ጠ»ን እንደ ፒያሳ ልጅ ነው የሚላቸው፤ «ነይ» ላይ ነው የሚደናቀፈው።

የሚጠፋውም ቢሆን ዝም ብሎ አይጠፋም። ሩሲያኛ ሦስት ጾታ አለው፦ ተባዕታይ፣ አንስታይና ገለልተኛ። የቋንቋ ተመራማሪዋ ማሪያ ፖሊንስኪ አሜሪካ ያደጉ የሩሲያ ልጆችን ስታጠና፣ ከፊሎቹ ገለልተኛውን ትተው በሁለት ጾታ ብቻ ሲናገሩ አገኘች። ለምን? ፖም የሚለው የሩሲያኛ ቃል ገለልተኛ ነው፤ ሲጻፍ በ«ኦ» ያልቃል፣ ሲነገር ግን መጨረሻው ጫን ተብሎ ስለማይነገር ልክ እንደ አንስታይ ቃላቱ «አ» ይመስላል። ልጆቹ ደግሞ ሩሲያኛን የሚያውቁት በጆሯቸው ነው። ስለዚህ ፖምን ከሴቶቹ ጋር ደመሩት። እንዲህ ሲታይ ስሕተት ከማለት የራሱ ደንብ ያለው ሰዋስው ቢባል ይሻላል።

ለዚህ ነው ለውርስ ቋንቋ የተሰጠው «ያልተሟላ ቋንቋ» የሚለው ስያሜ ብዙ ያከራከረው፤ እኔም አልወደውም። ያልተሟላው ከማን ቋንቋ ጋር ሲነጻጸር ነው? የልጁ እናት ራሷ እኮ፣ አያትየው ልጁን «ነይ በል» ብለው አርመው ሳይጨርሱ «ቆይ መኪናዋን ፓርክ ላድርግና እመጣለሁ» ብላ ወጣች።